የሰልጣኞች መረጃ አለን፤ ለማሻሻያ እቅድ እንዴት እንጠቀምበት? (ድሬዳዋ)

ለገሀሬ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ባለ አንድ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የጥራት ማሻሻያ ሥራ ላይ ነኝ። ብየዳ፣ አውቶሞቲቭ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋርመንትና አይሲቲ አሉን። ለቀጣዩ ዓመት የማሻሻያ እቅዱ በመረጃ ተደግፎ እንዲቀርብ ተጠይቀናል። እጃችን ላይ ያለው ሬጅስትራር በኤክሴል የያዘው ውጤት፣ በወረቀት የሚሞላ አቴንዳንስ፣ ከምዘና ማዕከል የሚመጣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘና) ውጤትና ከድርጅቶች የሚመለስ የትብብር ስልጠና ሎግቡክ (ሰልጣኙ በድርጅት የሠራው የሚሞላበት ደብተር) ነው። የሲኦሲ ማለፊያችን በዲፓርትመንት ይታወቃል፤ ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ምን መታረም እንዳለበት ግን አይታይም። ፋይሎቹን ላገናኝ ስል ደግሞ ስሞቹ አይገጥሙም። ሶፍትዌር መግዣ በጀት የለም፤ ኤክሴል ብቻ። ከየት ልጀምር? ቀድማ የምታመሰግን እህታችሁ።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
እህቴ፣ ማለፊያውን በዲፓርትመንት እስካየሽው ድረስ ምንም አይነግርሽም። የሚታረመው የብቃት አሃዱ (ሙያው ተከፋፍሎ የሚሰለጥንበትና የሚመዘንበት አንዱ ክፍል) ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን አንድ መስመር ለአንድ ሰልጣኝ በአንድ የብቃት አሃድ አድርጊው። 25 ሰልጣኝ 12 አሃድ ቢወስድ 300 መስመር ይሆናል፤ አይብዛብሽ፣ ለፒቮት ቴብል (ለኤክሴል ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) የሚመቸው ይሄ ነው። አሃዱ ሁሉ ወደ ጎን የተዘረዘረበት የሬጅስትራር ሠንጠረዥ ለማተም ይመቻል፣ ለመቁጠር ግን አይሆንም። አምዶቹ፦ የሰልጣኝ መለያ፣ ሙያ፣ ደረጃ፣ የገባበት ዓመት፣ የቀን ወይም የማታ፣ የአሃዱ ኮድ፣ የተቋም ውጤት፣ የተሰጠ ክፍለ ጊዜ፣ የቀረበት ክፍለ ጊዜ፣ የሲኦሲ ውጤት። የመጨረሻውን በዳታ ቫሊዴሽን ቆልፊው፤ «ብቁ» እና «ገና ብቁ ያልሆነ» ብቻ ይምረጡ፣ በእጅ አይጻፍ።

ስም አለመግጠሙ የሚጠበቅ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለኤክሴል ሦስት ሰው ናቸው፤ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድም እንደዚሁ፣ እኛ አካባቢ ደግሞ ይሄ ስም በአንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ይገኛል። በስም ማገናኘቱን ተዪው፤ መታወቂያ ቁጥር ያዢ። ከመጻፍሽ በፊት አምዱን ቴክስት አድርጊ፤ አለበለዚያ በ00 የሚጀምር ቁጥር ዜሮዎቹን ያጣል፣ 12/16 ዓይነቱም ወደ ቀን ይቀየራል። የሲኦሲው ዝርዝር የእናንተን መለያ ካልያዘ፣ አንድ ጊዜ በእጅ ማመሳከሪያ ይሠራ፦ የእኛ መለያ፣ የምዘና መለያ፣ ስም እስከ አያት። ከዚያ ወዲያ በቪሉክአፕ (በመለያ ፈልጎ በሚያመጣ የኤክሴል ፎርሙላ) ይያያዛል።

ቀንም ያስቸግርሻል። ኤክሴል የኛን አቆጣጠር አያውቅም። 15/03/2017 ብለሽ ብትጽፊ (ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ) እንደ ፈረንጅ ቀን ይቀበለዋል፤ 30/02/2017 (ጥቅምት 30) ስትዪው ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በአንድ አምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆንና ቅደም ተከተሉ ይበላሻል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት አምድ ይጻፍ፤ ወይም ከዚያ የሚሻለውን የስልጠና ሳምንት ቁጥር ተጠቀሚ። ሁለት ባች ለማወዳደር የሚመቸውም እሱ ነው።

ከዚራ፦
ከማስላትሽ በፊት አካፋዩን ወስኚ። ለምሳሌ 40 ተመዝግበው፣ 25 ለምዘና ቀርበው፣ 20 ብቁ ቢሆኑ፣ ከቀረቡት 80 በመቶ፣ ከተመዘገቡት ደግሞ 50 በመቶ ነው። ሪፖርቱ ላይ 80 ብቻ ከወጣ ያልቀረቡት 15 ልጆች የሉም ማለት ነው፤ ትልቁ ችግር ደግሞ እነሱ ጋ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፊ።

ትንሽ ቁጥርም ያሳስታል። 20 ሰው ባለበት ክፍል አንድ ሰልጣኝ 5 በመቶ ነው። አምና 70፣ ዘንድሮ 60 ማለት የሁለት ሰው ልዩነት ነው፤ በዚህ አሰልጣኝ መውቀስም ማመስገንም ተገቢ አይደለም። የሦስት ዓመት ባች ደምረሽ እዪ።

ከዚያ በአራት ሕዋስ የሚያልቅ ሠንጠረዥ ሥሪ፤ ብዙ የሚናገር ይሄ ነው። በአንድ በኩል የተቋም ውጤት፣ በሌላ በኩል ሲኦሲ፤ ካውንትኢፍስ (መስፈርት የሚያሟሉትን የሚቆጥር ፎርሙላ) ይጨርሰዋል። በተቋም አልፈው በሲኦሲ የሚወድቁ ከበዙ፣ የውስጥ ምዘናችሁ ከሙያ ደረጃው መስፈርት ላልቷል፤ ወይም ሰልጣኙ የለመደው መሣሪያና የሰዓት ገደብ ከምዘናው ጋር አይገናኝም። በሁለቱም የሚወድቁ ከበዙ ስልጠናው ራሱ ይመርመር። በተቋም ወድቆ በሲኦሲ የሚያልፍ ካለ የማርክ አሰጣጡ ይታይ።

የሲኦሲውን የጽሑፍና የተግባር ክፍል ግን አትደምሪ። በተግባር ብቁ ሆኖ በጽሑፍ የሚወድቅ ሰልጣኝ ችግሩ ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ተምሮ የመጣ ልጅ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ ሲገጥመው ሙያውን እያወቀ ይሳሳታል። «የተማረበት ቋንቋ» የሚል አምድ ይጨመር። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ መፍትሔው በሦስት ቋንቋ የተዘጋጀ የሙያ ቃላት ዝርዝር ነው፤ ተጨማሪ የወርክሾፕ ሰዓት አይደለም።

የወርክሾፕ ሰው፦
አሃዱ ከታወቀ በኋላ ምክንያቱ ወርክሾፕ ውስጥ ይፈለግ። መጀመሪያ የማሽን ደቂቃ ይሰላ። 24 ሰልጣኝ፣ የሚሠሩ 4 የብየዳ ማሽኖች፣ የ4 ሰዓት ክፍለ ጊዜ፦ 16 የማሽን ሰዓት ለ24 ሲካፈል ለአንድ ሰው 40 ደቂቃ ነው። ከዚህ ላይ ኬብል ማስተካከል፣ ብረቱን መግጠምና ስላግ (በስፌቱ ላይ የሚቀር ቅርፊት) መፈልፈል ሲቀነስ አርኩ (የብየዳው ብልጭታ) የሚነድበት ጊዜ 15 ደቂቃም ላይሞላ ይችላል። እቅዱ ላይ ግን «4 ሰዓት ተግባር» ተብሎ ነው የሚጻፈው። በየሳምንቱ የሚሠራውን ማሽን ቁጠሩ፤ በንብረት መዝገብ ያለው አይጠቅምም። ከስቶር የወጣውን ኤሌክትሮድም ለሰልጣኝ አካፍሉት። 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ነድዶ ያልቃል፤ በቀን ሦስት ፍሬ የደረሰው ልጅ ቨርቲካል (በቆመ ብረት ላይ) ብየዳ እንዲችል መጠበቅ ግፍ ነው።

ማርኩም ይዘርዘር። «65» ማለት ለአሰልጣኙ ምን እንደሚያርም አይነግረውም። ለእያንዳንዱ ናሙና አንደርከት (በስፌቱ ጠርዝ የተበላ ብረት)፣ ፖሮሲቲ (የጋዝ ቀዳዳ)፣ የቀረ ስላግ፣ ያልተስተካከለ የስፌት ስፋት እየተባለ ምልክት ይደረግ። አንደርከት ከበዛ አምፔሩ ከፍ ብሏል፣ አርኩ ረዝሟል ወይም እጅ ፈጥኗል። ፖሮሲቲ ከሆነ ዘይት ወይም ዝገት ያለበት ብረት፣ እርጥብ ኤሌክትሮድ፣ ረጅም አርክ። የቀረ ስላግ ከሆነ የበፊቱ ንብብር ሳይጸዳ ተደርቦበታል ወይም አምፔሩ አንሷል። ኤሌክትሪክ ላይም መንገዱ ያው ነው፤ የሞተር ኮንትሮል ሥራ ላይ ሆልዲንግ ኮንታክት (ቁልፉ ሲለቀቅ ሞተሩን እንዲዞር የሚያቆየውን) ማገናኘት የሳተውንና ኦቨርሎድ (ሞተሩን ከመጠን በላይ ጭነት የሚጠብቀውን) ማስተካከል የሳተውን ለዩ።

ለገሀሬ (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። የሦስት ዓመቱን የአቴንዳንስ ወረቀት ሁሉ ማስገባት አለብኝ? ሎግቡኩ ላይ ደግሞ ድርጅቶቹ ለሁሉም 5 ከ5 ነው የሚሞሉት፤ እሱንስ ምን ላድርገው?

ሳቢያን፦
አቦ፣ የድሮውን ተዪው! ጉልበትሽን ይጨርሳል። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሪ። የአቴንዳንስ ጥቅሙ ልጁ ሳያቋርጥ መድረስ ነው። በቀን አንዴ ፊርማ አይበቃም፤ ጠዋት ፈርሞ ከሰዓት የሚጠፋው አይታይም፣ ስለዚህ በክፍለ ጊዜ ይያዝ። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት 3 ተከታታይ ክፍለ ጊዜ የቀረ፣ ወይም በጠቅላላው ከ15 በመቶ በላይ የቀረ ሰልጣኝ ስሙ ሐሙስ ከሰዓት ይውጣ፣ ዓርብ ጠዋት ይደወልለት። ደዋዩ በስም ይመደብ፤ «ዲፓርትመንቱ ይደውላል» ከተባለ ማንም አይደውልም። ልጁን በሚቀለው ቋንቋ ያናግሩት። ምክንያቱ በኮድ ይመዝገብ፦ ሥራ አገኘ፣ ትራንስፖርት ወይም ቤት ኪራይ፣ ጤና፣ የቤተሰብ ጉዳይ፣ ስልጠናው ከበደው፣ ሌላ። እነዚህ ገደቦች መነሻ ናቸው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ካቋረጡት ስንቱን ቀድሞ እንደያዘ፣ ለማቋረጥ ላላሰበ ሰው ስንቴ በከንቱ እንደተደወለ አይተሽ አስተካክዪው።

መቅረቱን በሳምንቱ ቀናት ስትከፍዪው ዓርብ ከሰዓት ጎልቶ ከወጣ ጁምዓ ሊሆን ይችላል። ቁልፍ የተግባር ሥራ ዓርብ 7 ሰዓት ላይ ከተመደበ የሚታረመው መርሐ ግብሩ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት ብየዳ የድሬ ሙቀት አያስችልም፤ ተግባሩን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቲዎሪውን ከሰዓት ማድረግ ሳንቲም አያስወጣም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም የአምናን አንድ ወር ከዘንድሮው ተመሳሳይ ወር ጋር ዝም ብለሽ አታወዳድሪ።

ሎግቡኩ ላይ ነጥቡን አስቀሪው። ከአሃዱ 8 ወይም 10 ተግባር አውጥተሽ ለእያንዳንዱ «አይቷል፣ አግዟል፣ ብቻውን ሠርቷል» እና ስንት ጊዜ የሚል ይሞላ። 70 በመቶው የስልጠና ጊዜ በድርጅት ይሁን በሚባልበት ሥርዓት ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወራቱን ጎማ ሲፈታ ከርሞ ብሬክ ሳይነካ ለምዘና የሚቀርበውን ልጅ የሚያሳየን እሱ ነው።

አፈተ ኢሳ፦
ውጤት ከነስም በቴሌግራም ወይም በካይዘን ሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ከአዋጁም በፊት የሰው ክብር አለ። ወደ ስብሰባ የሚሄደው ፋይል ስምና ስልክ የሌለበት ይሁን፤ 5 ሰውና ከዚያ በታች ያለበት ቡድን ማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ለብቻው አይውጣ። ማመሳከሪያው በፓስወርድ ተቆልፎ ኃላፊነት በተሰጠው ሰው እጅ ይቀመጥ። አሰልጣኞችንም በዚህ ቁጥር ደረጃ ማውጣት አትጀምሩ፤ የተቋሙ ማርክ ሁሉ ከፍ ይልና ከከዚራ አራት ሕዋሶች የሚነበብ ነገር ይጠፋል።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
አፈተ ኢሳ ያለው ትክክል ነው። እቅዱን ስትጽፊ ደግሞ በየዲፓርትመንቱ አንድ ወይም ሁለት አሃድ ብቻ ምረጪ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበትና ለቀጣዩ አሃድ መሠረት የሆነውን። ለአንዱ አሃድ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ችግሩ በቁጥር (ስንት ከስንት)፣ የተጠረጠረው ምክንያት፣ አንድ ለውጥ፣ ኃላፊው፣ የሚለካበት ሳምንት። ለምሳሌ በብየዳ 24ቱን ለሁለት ከፍሎ 12ቱ ማሽን ላይ፣ 12ቱ ድሮዊንግ ላይ ቢሆኑ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ሰው ያለው 40 ደቂቃ 80 ይሆናል። ጠቅላላ ደቂቃው ግን የሚያድገው ለማሽኑ የሚሰጠው ክፍለ ጊዜ ከተጨመረ ብቻ ነው፤ ይሄንን ከመርሐ ግብሩ ጋር አስቀድመሽ አረጋግጪ። ሁለት ሴክሽን ካላችሁ ለውጡን በአንዱ ጀምሩና ሳምንት 6 ላይ የሁለቱንም ናሙና በዚያው የጉድለት ዝርዝር መርምሩ። በዚያው ጊዜ አሰልጣኙንም ማሽኑንም ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ናሙናውን የሚያየው ያሰለጠናቸው ሰው አይሁን፤ ብረቱ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ተመትቶበት ከሌላ ሴክሽን የመጣ አሰልጣኝ ይመርምረው።