ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን ኢንተርኔታችን ለምን ይተኛል?

ኮምቦልቻ_ልጅ
ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድም እህቶቼ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ኮምቦልቻ አንድ የጅምላ ማከፋፈያ ውስጥ ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ 26 ኮምፒውተር፣ አንድ ሰርቨር፣ ማይክሮቲክ ራውተር፣ ሁለት ስዊችና 8 ካሜራ አለን። ጠዋት ሲከፈት ሁሉም ሰላም ነው፣ 4 ሰዓት አካባቢ ግን ኢንተርኔቱ ይተኛል፣ የባንክ ዝውውር የሚያዩት ልጆች ገጹ እየዞረባቸው ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ትንሽ ይሻለውና ተመልሶ ያው ነው። ሁሉም "መስመሩ ነው" ይላል፣ አቅራቢው ጋ ስንደውል ደግሞ በኛ በኩል ችግር የለም ይሉናል። የሚገርመው አንዳንድ ቀን ምንም አይልም። ከየት ልጀምር?

ሙጋድ_ሰፈር
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ማጥፋት ማብራቱን ተው፣ ማይክሮቲክ ሎጉን (የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ሚሞሪ ላይ ነው የሚይዘው፣ ሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ ካላዘዝከው ስታጠፋው አብሮ ይጠፋል። ሲተኛ ሁለት ጥቁር መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ክፈትና በአንዱ ራውተሩን፣ በሌላው 8.8.8.8ን (ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ እያደረግክ፣ ማለትም መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ እየለካህ ተወው፣ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከተሰካ ኮምፒውተር። ራውተሩ በ1 ሚሊሰከንድ እየመለሰ የውጩ 600 700 ከገባ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ግን እዚች ጋ ተጠንቀቅ፣ መስመሩ ላይ ነው ማለት የአቅራቢው ጥፋት ነው ማለት አይደለም፣ የራሳችሁ ሰው ሞልቶት ከሆነም ፒንጉ ልክ እንደዚሁ ነው የሚሆነው። ዊንቦክስ (የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ቶርች የሚል አለ፣ በዛች ሰዓት ክፈተውና የትኛው አይፒ (የመሳሪያው አድራሻ) ስንት እየጎተተ እንደሆነ እየው። ደሞ አፕሎዱን እይ እንጂ ዳውንሎዱን ብቻ አይተህ አትዝጋ፣ አፕሎድ ሲሞላ የዳውንሎዱ "ደርሶኛል" የሚለው መልስም ወረፋ ስለሚይዝ ሁለቱም ነው የሚጎተተው።

ወልድያ_ኬብል
ከላይ ባለው ላይ ልጨምር፣ የስዊቹን ፖርት ኢረር ቁጥር (በየመሰኪያው ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ቆጠራ) እዩልኝ። እኔ አንድ መጋዘን ላይ ሁለት ሳምንት ስለፋ የነበረው በፕላስተር በተቀጠለ ኬብል ነው፣ ስገልጠው አንዷ ሽቦ አረንጓዴ ዝጋ አውጥታለች። 1 ጊጋ 8ቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ አንዱ ጥንድ ሲበጠስ ወይ 100 ሜጋ ላይ ይወርዳል ወይ ጭራሽ አልገናኝም ይላል። ከ100 ሜትር በላይ የሄደ ኬብል ካለም መሃል ላይ ስዊች አድርግ።

ሐይቅ_ዳር
እኔ ደሞ አንዴ አይቶ መተው አይበቃም ባይ ነኝ፣ ቁጥር ሲመዘገብ ካልዋለ ነገም ያው ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ካለህ ሊኑክስ ጫንና ዛቢክስ የሚባል የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራም አስገባበት፣ ነጻ ነው፣ ራውተርና ስዊቹን በኤስኤንኤምፒ (መሳሪያዎች ሁኔታቸውን የሚናገሩበት ቋንቋ) እየጠየቀ ግራፍ ይሰራልሃል። "ፐብሊክ" የሚለውን የኤስኤንኤምፒ ነባሪ የይለፍ ቃል ግን ቀይረው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ማስጠንቀቂያው የፒንግ መልስ ሶስት ጊዜ በተከታታይ ሲቀር ብቻ ቴሌግራም ላይ ይምጣልህ፣ በየፒንጉ ከጮኸ በሳምንቱ ማየት ትተዋለህ። መከታተያ ማሽኑም ራውተሩም ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ይሁኑ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተኛ ጠባቂ ምን ያደርጋል።

ኮምቦልቻ_ልጅ
ተገኘ!! ራውተሩ 1 ሚሊሰከንድ፣ ውጩ 740። ቶርች ስከፍት አፕሎዱን ጠቅልሎ የያዘው የካሜራው መቅጃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሐጂ (ባለቤቱ) ጠዋት እዚህ ያስከፍቱና የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሱቃቸው ይሄዳሉ፣ እዛ ቁጭ ሲሉ 8ቱንም ካሜራ በስልካቸው ይከፍቱታል፣ የኛ አፕሎድ ያለው 4 ሜጋ ቢት ነው። እዚህ የዋሉ ቀን ነው ለካ ሰላም የሚሆነው። ግን ሐጂን ካሜራ አይክፈቱ ልበላቸው እንዴ?

ሙጋድ_ሰፈር
ኧረ በፍጹም፣ ንብረታቸው ነው ያዩታል። መቅጃው ሁለት ጥራት አለው፣ ለስልክ የሚሄደውን ሰብስትሪም (ዝቅተኛውን ጥራት) በካሜራ 128 ኪሎ ቢት አድርገው፣ 8ቱ ተደምሮ 1 ሜጋ ገደማ ነው፣ የሚቀዳውን አትንካው። ከዛ ማይክሮቲኩ ውስጥ ሲምፕል ኪው (የፍጥነት መገደቢያው) ላይ የመቅጃውን አይፒ አፕሎድ 1 ሜጋ ተኩል ላይ ገድበው።

ኮምቦልቻ_ልጅ
አደረግኩት፣ ሐጂ ደሴ ሆነው 8ቱንም እያዩ ፒንጉ 60 ላይ ነው፣ ልጆቹም ዝውውር እያዩ ነው። አላህ ይስጥልኝ። ዛቢክሱን ቅዳሜ እጭናለሁ፣ የወልድያው ወንድሜ ደግሞ ልክ ነህ፣ የመጋዘኑ ፖርት ኢረር እየቆጠረ ነው፣ ነገ ኬብሉን እገልጠዋለሁ።