የሚታዘለው ቫኪዩም ትከሻዬን ጨረሰው፤ እናንተ እንዴት ነው የምትለብሱት?

አዲስ ገቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲሲ መሀል ከተማ አንድ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ የማታ ክሊኒንግ ጀምሬያለሁ። ቆሻሻ መድፋቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ጠረጴዛ መወልወሉ ምንም አላለኝም። ያቃተኝ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ቫኪዩም ነው። ሱፐርቫይዘራችን አንዴ ፈጠን ፈጠን ብላ አሳየችኝና ወደ ሌላ ፎቅ ሄደች። ቤት ስገባ ትከሻዬ ይነዳል። አንገቴን ማዞር ያቅተኛል። አብራኝ የምትሠራው የኤልሳልቫዶር ሴትዮ ከእኔ በጣም ታጥራለች፤ ግን ምንም እንዳልያዘች ሆና ፎቁን ትጨርሳለች። በቋንቋ ስለማንግባባ ልጠይቃት አልቻልኩም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ጉልበት አንሶኝ ነው?

የአሌክሳንድሪያው

እህቴ፣ የጉልበት ጉዳይ አይደለም። ነገ ስትገቢ የሴትዮዋን ወገብ እዪ። ቀበቶው ዳሌዋ ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል። የትከሻ ማንገቻዎቹ ደግሞ ላላ ያሉ ናቸው። ምስጢሩ ይኸው ነው።

ማሽኑ ብቻውን 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቱቦው፣ ዘንጉና ኮርዱ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። ባትሪ ያለው ዓይነት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይብሳል። ይህ ሁሉ ትከሻ ላይ ከተንጠለጠለ ስፖርተኛም ቢሆን አይችለውም። ዳሌ ላይ ከተቀመጠ ግን እግርሽ ነው የሚሸከመው። ልጅ ያዘለች እናት ልጁ ሲንሸራተትባት ጎንበስ ብላ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አንቀልባውን እንደገና የምታጠብቀው ለምንድነው? ያው ነው።

አለባበሱ ላይ ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ማሽኑን ከወለል አንስተሽ በአንድ ትከሻ አትወርውሪው፤ ወገብ የሚቀጨው እዚያ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፤ ጋሪ ላይ አይሁን፣ ይሸሽብሻል። ማንገቻዎቹን በሙሉ አላልተሽ ጀርባሽን ሰጥተሽ ልበሺው። ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በይ። አሁን መጀመሪያ የሚቆለፈው የዳሌ ቀበቶ ነው። እጅሽን ወገብሽ ላይ ስታደርጊ የምትዳስሺው ጠንካራ አጥንት አለ አይደል? ቀበቶው የዚያን አጥንት ጫፍ አቅፎ መቀመጥ አለበት። ሆድ ላይ ከሆነ ትንፋሽ ያሳጥርሻል፤ ከአጥንቱ በታች ከሆነ ሲሄዱ ይወርዳል። አጥብቀሽ ሳቢው። ከዚያ ቀጥ ብለሽ ቁሚ።

የትከሻዎቹ ተራ ከዚያ በኋላ ነው። የእነሱ ሥራ ማሽኑ ወደ ኋላ እንዳይጎትትሽ መያዝ ብቻ ነው። ማሽኑ ጀርባሽ ላይ እስኪጠጋ ሳቢና ተያቸው። በማንገቻውና በትከሻሽ መካከል ጣቶችሽ በቀላሉ መግባት አለባቸው። የደረት ማሰሪያ ካለው ቆልፊው፤ ማንገቻዎቹ ወደ ውጭ እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። በትክክል መልበስሽን ማወቅ ከፈለግሽ ሁለቱንም የትከሻ ማንገቻዎች ለአፍታ ላላ አድርጊያቸው። ማሽኑ ወደ ታች ከወረደ ቀበቶው ሥራውን እየሠራ አይደለም።

ሌላም አለ። የእናንተ ማሽን የጋራ ነው ብዬ እገምታለሁ። ትናንት የለበሰው ሰው ቁመቱ ከአንቺ በጣም የሚበልጥ ከሆነ ማንገቻዎቹ የተሰኩት ለእሱ ጀርባ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ጀርባ ላይ ባለው ፕላስቲክ ማንገቻውን ከፍና ዝቅ የምታደርጊበት ቀዳዳ አላቸው። አጭር ከሆንሽ ዝቅ አድርጊው። ካላደረግሽ ቀበቶውን የፈለግሽውን ያህል ብታጠብቂው ቦታው ላይ አይቀመጥም። ይህን የሚያሳይ ሱፐርቫይዘር ብዙ አላየሁም። ሥራ ተጀምሮ ሰዓት ሲቆጠር ሁሉም "ቶሎ በሉ" ብቻ ነው። አንቺ ግን ሳታስተካክዪ አትነሺ። የሚያይሽ ቢያይሽም።

ሁለት ልጅ እናት፣ ሲያትል

ወንድማችን በደንብ ነግሮሻል። እኔ የሴቶቹን ልጨምር።

የደረት ማሰሪያው ከፍ ዝቅ ይላል። ጡት ላይ ካረፈ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት አጥንቱ ጠጋ አድርጊው። ወፍራም ሹራብ ወይም ጃኬት ከስር አትልበሺ፤ ቀበቶው አጥንቱን አይይዝልሽም፣ በዚያ ላይ ሞተሩ ስለሚሞቅ በላብ ትጠመቂያለሽ። ቀለል ያለ ቲሸርት ይበቃል። ሻሽና ነጠላ፣ ረጅም የአንገት ሀብል፣ የተለቀቀ ፀጉር ከማንገቻውና ከቱቦው ጋር ይጠላለፋል።

እርጉዝ የሆናችሁ ደግሞ ይህን ቀበቶ በግድ አትታገሉት። ከሰኔ 27 ቀን 2023 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ የእርጉዝ ሠራተኞች ሕግ አለ። 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ ከባድ ችግር እንደሚፈጥርበት ካላሳየ በስተቀር፣ ቀለል ያለ ሥራ ወይም ሌላ ማሽን እንዲሰጣችሁ ስትጠይቁ ማመቻቸት አለበት። መጠየቅ ያለባችሁ ግን እናንተው ናችሁ። በቴክስት ብትጽፉት ይሻላል፤ በአፍ የተባለ ነገር ይረሳል።

ሄንሪ ወዳጅ፣ ለንደን

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ነገር ለምን ታዝላላችሁ? እዚህ ሄንሪ የምትባለውን፣ ያችን ፊት የተሳለባትን ቀይ ቫኪዩም ወለል ላይ እየጎተትን ነው የምንሠራው። ጀርባችንም ሰላም ነው።

የአሌክሳንድሪያው

ለአንድ ትንሽ ቢሮ ልክ ነህ፣ ሄንሪ ይበቃል። ሙሉ ፎቅ ላይ ግን ወንበር ስለሚበዛ የምትጎተተው በየእግሩ እየተጋጨች ታናድድሃለች። ደረጃ ላይም፣ ሲኒማ ቤት ወንበር መካከልም የሚታዘለው ይቀድማታል። ድርጅቶቹ የሚወዱትም ለፍጥነቱ ነው። ጉድለቱን ንገረኝ ካልክ፣ አብዛኛው የሚታዘል ቫኪዩም የሚሽከረከር ብሩሽ የለውም። ስለዚህ ወፍራም ካርፔት በየጊዜው ቆሞ የሚገፋው ባለ ብሩሽ ማሽን ያስፈልገዋል።

አዲስ ገቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ማንገቻውን ዝቅ አደረግኩት። እውነትም ሁለት ቀዳዳ ከፍ ብሎ ነበር የተሰካው። ትከሻዬ ተሻለኝ፤ አሁን ያመመኝ ቀኝ ክንዴ ነው። ደግሞ ኮርዱ እግሬ ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረኝ።

ጋሼ፣ ዳላስ

ልጄ፣ ክንድሽን ያመመሽ እንደ መጥረጊያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለምትገፊው ነው። ይሄኛው እንደዚያ አይሠራም። ዘንጉን አርዝሚውና ቀጥ ብለሽ ቁሚ። የላይኛው እጅሽ እምብርትሽ ጋ ይሁን፤ ክርንሽ ጎንሽን ይጠጋ። ከዚያ አፉን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያወዛወዝሽ በእግርሽ ሂጂ። አትጫኚው። ሲጫኑት አየሩ ይታፈናል፤ ካርፔቱ ላይ ይጣበቅና ክንድሽን ይጎትታል። እጅም ቀያይሪ። ጠረጴዛ ስር ስትገቢ ከወገብሽ አትጎንበሺ፤ አንድ ጉልበትሽን አንበርክኪ። ጎንበስ ካልሽ ክብደቱ በሙሉ ወደ አንገትሽ ይመጣል። ወደ ኋላ ስትዞሪም ጉብታ እንዳለብሽ አትርሺ፤ ስንት የመስታወት መደርደሪያ ተነካክቷል መሰለሽ።

ኮርዱን በተመለከተ ቀበቶው ላይ መንጠቆ ወይም ቀለበት አለ። የማሽኑ አጭር ሽቦና ረጅሙ ኤክስቴንሽን የሚገናኙበት ቦታ ላይ አጥፈሽ በእሱ ውስጥ አሳልፊው። እንደዚያ ከሆነ ኮርዱ ሲወጠር የሚጎተተው ቀበቶሽ ነው፤ ሶኬቱ አይነቀልም። ከሶኬቱ አጠገብ ጀምረሽ እየራቅሽ ሂጂ፤ ኮርዱ ከኋላሽ ይከተልሽ። ዘንጉ በቀኝ እጅ ከሆነ ኮርዱ በግራ ይሁን። ስትነቅዪ ፕለጉን ያዢ፣ ሽቦውን አትጎትቺ። መዳቡ የታየ ወይም የፕለጉ ሦስተኛ ክብ እግር የተሰበረበት ኮርድ ከሰጡሽ አልሠራበትም በይ። እሱ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጆሮሽ ላይ መዝሙርም ሆነ ስብከት የምታደርጊ ከሆነ በአንድ ጆሮ ብቻ። ማታ ባዶ ሕንፃ ውስጥ ሰው ከኋላ ሲመጣ መስማት አለብሽ።

አዲስ ገቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ተባረኩ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ትናንት መሀል ላይ ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ሱፐርቫይዘሯ አቃጠልሽው ብላ ተቆጣችኝ። ከደሞዜ ይቆርጡብኛል?

ጋሼ፣ ዳላስ

አላቃጠልሽውም። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ አለው። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀዪው። ከፍተሽ የወረቀት ከረጢቱን እዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ ነው። እስኪጠቀጠቅ አትጠብቂው፤ ግማሹን ካለፈ ቀይሪው። ከዚያ ቱቦውን ነቅለሽ በአንድ በኩል ወደ መብራት አዙረሽ በሌላው ተመልከቺ። ብርሃን ካላየሽ የተወሸቀ ወረቀት ወይም የፀጉር ማስያዣ አለ። ካጸዳሽ በኋላ ይብረድ። እንደ ማሽኑ ዓይነት ግማሽ ሰዓትም ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ ይነሳል።

የወረቀት ከረጢቱ የሚቀመጥበት የጨርቅ ፊልተር አለ። ያለ ከረጢት በጨርቁ ብቻ የሚሠሩ አሉ፤ አቧራው ፊልተሩን ይደፍነዋል፣ የሚመለሰውም ሳንባሽ ላይ ነው። ሄፓ የሚባለው ፊልተር ካለው 0.3 ማይክሮን የሚያክለውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል፤ ግን በትክክል ሲገጠም ነው። ውሃ፣ ትኩስ አመድ፣ የተሰበረ መስታወት በዚህ አይነሳም። የፕሪንተር ቀለም ዱቄት ከተደፋም ለብቻው የተሠራ ፊልተር ከሌለው ተዪው፤ ተራውን ፊልተር አልፎ ይወጣል።

የአሌክሳንድሪያው

ስለ ደሞዙ እኔ ልመልስ። ዲሲ መሀል ከተማ ብዙ የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች 32ቢጄ (32BJ) የሚባለው የሕንፃ ሠራተኞች ማኅበር አባል ናቸው። ከደሞዝሽ ወርሃዊ የማኅበሩ መዋጮ የሚቆረጥ ከሆነ አንቺም አባል ነሽ ማለት ነው። ሕንፃው ውስጥ የማኅበሩ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቂና ስለ ማሽኑ መጥፋት ሱፐርቫይዘሯ ያለችሽን ንገሪው። ማኅበር ከሌለም ለደኅንነት ጉዳይ ኦሻ (OSHA) የሚባል የሥራ ቦታ ደኅንነትን የሚቆጣጠር የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ፤ ስልኩ 1-800-321-6742 ነው። አሠሪው ለደኅንነት የግድ የሚሰጠውን ሥልጠና በምትረጂው ቋንቋ መስጠት አለበት። ስለ ደኅንነት በመጠየቅሽ ከበቀሉብሽ አቤቱታ የምታቀርቢው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ ቀኑ ካለፈ አስቸጋሪ ነው።

ክንድሽ ደግሞ ካልተሻለሽ ዝም አትበዪ። ለሱፐርቫይዘሯ ዛሬውኑ ቴክስት አድርጊላት፤ ቀኑን፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንደነበርሽና የትኛው ክንድ እንደሆነ ጻፊ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን።