ዕዳ በከፊል ከተከፈለ ይርጋው (ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደቡ) ይቋረጣል?

መክፈያ ጊዜው ካለፈ 13 ዓመት በሆነው የ40,000 ብር የብድር ውል ተከስሼ፣ መጥሪያው ከክስ ማመልከቻው ጋር ስለደረሰኝ የመከላከያ መልሴን በጽሑፍ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ፤ ጠበቃ ለማቆም ግን አቅም የለኝም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት ጠቅላላው የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት መሆኑን፣ ተከራካሪው ካላነሣውም ፍርድ ቤቱ በራሱ እንደማያነሣው አንብቤ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት በሚቀርብ ተቃውሞ) ላቀርበው አስቤ ነበር። ያስጨነቀኝ ከ6 ዓመት በፊት 5,000 ብር በከሳሽ የባንክ ሒሳብ ማስገባቴ ነው (ያን ጊዜ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር)፤ ቁጥር 1851 ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑ ይርጋን እንደሚያቋርጥ ይናገራልና። ይህ ክፍያ ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምረዋል? መቃወሚያው ውድቅ ቢደረግስ፣ በዚያው መልስ ላይ በአማራጭ ስለቀሪው ዕዳ መጠን መከራከር እችላለሁ? ለቀጠሮው 12 ቀን ብቻ ስለቀረኝ፣ ሕጉን የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።