ከአስከሬን ምርመራ መዝገብ ሞትን ለመከላከል የሚረዳ ነገር እንዴት ይወጣል?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአደጋ፣ በመመረዝና በመሳሰለው የሞቱ ሰዎችን መዝገብ እያጠናሁ ነው። ዕድሜ፣ ፆታና የሞት ምክንያት ለቅሜያለሁ። አማካሪዬ ግን «ይሄ ማንን ያድናል?» አሉኝ። ምን ልጨምር?

ሐኪሟ፦ እውነታቸውን ነው። «የራስ ቅል ስብራት» ብለህ ብትጽፍ ሰውየው በመኪና ተገጭቶ ይሁን ከፎቅ ወድቆ በምን ይታወቃል? በአይሲዲ-10 (በዓለም አቀፉ የበሽታዎችና የሞት ምክንያቶች መለያ ዝርዝር) ጉዳቱ ምዕራፍ 19፣ ያደረሰው ነገር ደግሞ ምዕራፍ 20 ነው። ሁለቱንም ያዝ። እግረኛ ነው ወይስ ተሳፋሪ? እዚያው ሞተ ወይስ ሆስፒታል ደርሶ? ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ከሰዓታት በኋላ የሞተውን እኮ ፈጣን አምቡላንስ ሊያተርፈው ይችል ነበር።

የመንገድ ሰው፦ ቦታና ሰዓትም ጨምርበት። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 1.19 ሚሊዮን ሰው ገደማ በትራፊክ አደጋ ሞቷል። ከመቶው 92ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፋይሉ ግን «የአሽከርካሪ ጥፋት» ተብሎ ይዘጋል። ካርታ ላይ ነጥብ እያደረግክ አስቀምጠው፤ የሚደጋገመው ቦታ ራሱ ይታይሃል። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ገዳይ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ፖስተር ከመለጠፍ ፍጥነት መቀነሻ መሥራት ይሻላል።

ጀማሪው፦ በፀረ ተባይ የሞቱትስ? አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ምክሬ «ግንዛቤ ይፈጠር» የሚል ነበር።

የኅብረተሰብ ጤና፦ ኧረ እሱ ብቻውን አይበቃም! ስሪላንካን እይ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጀምራ በጣም መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ አገደች፤ በ1998 ኢንዶሰልፋን የተባለውን ፀረ ተባይ ጨመረች። በ20 ዓመት ውስጥ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። ምርትም አልቀነሰም። ብዙው ሰው ይህን የሚያደርገው በድንገተኛ ጭንቀት ነው። ገዳዩ ነገር በእጁ ከሌለ ያቺ ሰዓት ታልፋለች። እናም «መርዝ» ብለህ አትለፈው፣ የኬሚካሉን ስም መዝግብ። የሟቾችን ስም ግን ከመረጃህ አውጣ።

ሐኪሟ፦ የሰጠሙ ሕፃናትንም ለይ። ባንግላዴሽ ውስጥ ትንንሾቹ በአብዛኛው የሚሰጥሙት ቤት አጠገብ ባለ ኩሬ፣ ጠዋት እናት በሥራ ስትወጠር ነው። ሰዓቱ በመታወቁ የሕፃናት ማቆያ ተከፈተ፤ ሞቱም ቀነሰ።

የመንገድ ሰው፦ ሳይመረመር የተቀበረ ሰው መዝገብህ ላይ የለም። የፖሊስንም መዝገብ ጠይቅና አመሳክር።