አስቸኳይ፦ ፎይልገን ቀለም አልይዝ አለኝ፣ ስላይድ እያለቀብኝ ነው!

የባሶዋ (ደብረ ብርሃን)፦ ጓዶች ድረሱልኝ። በአንጎል ዕጢ ስላይድ ላይ በፎይልገን (ዲኤንኤን በሚያቀላ ዘዴ) የዲኤንኤ መጠን ልለካ ነው። ጠዋት የሠራኋቸው ስድስቱም ገረጡ፤ ኒውክሊየሱ የቀይ ሥር እጣቢ ያህል እንኳ አልቀላም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋተር ባዙ (የውሃ ማሞቂያው) ስለተቃጠለ በ5 ኖርማል አሲድ፣ በክፍል ሙቀት፣ 60 ደቂቃ አቆየሁት። ልክ እንደ ፕሮቶኮሉ! ዕጢው አደገኛ መሆኑን የማውቀው በዚህ ነው። የቀረኝ አራት ስላይድ ብቻ ነው።

ላብ 12፦ ሺፉ (ማቅለሚያው ፈሳሽ) አርጅቷል፣ ቀይሪው።

ጋሼ ማይክሮስኮፕ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ መሠረቱ ይግባሽ። ፎይልገን በ1924 የወጣ ዘዴ ነው። አሲዱ ከዲኤንኤው ላይ ፑሪኖቹን (ኤ እና ጂ የሚባሉትን ፊደላት) ይነቅላል፤ የተጋለጠው አልዲሃይድ የሚባል ጫፍ ከሺፍ ጋር ሲገናኝ ይቀላል። የቅላቱ መጠን ከዲኤንኤው መጠን ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው የሚለካው። አሲዱ በቂ ካልሠራ አልዲሃይድ አይወጣም፤ ከበዛ ደግሞ ዲኤንኤው ራሱ ታጥቦ ይሄዳል። ለመሆኑ ናሙናው የቆየው በፎርማሊን ነው በቡዊን? ቡዊን (አሲድ ያለበት ማቆያ) ከሆነ ተይው።

የባሶዋ፦ በፎርማሊን ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሺፉ ባለፈው ሳምንት የተሠራ ነው፣ እንደ ውሃ የጠራ ነው።

ነርቭ፦ እህቴ፣ መነሻሽ ላይ አልስማማም። የዲኤንኤ መጠን ብቻውን አደገኛነትን አይነግርሽም። ብዙ ግሊዮብላስቶማ (አደገኛ የአንጎል ዕጢ) ላይ 7ኛው ክሮሞሶም ይጨምራል፣ 10ኛው ይጎድላል፤ ድምሩ እምብዛም ሳይናጋ ዕጢው ግን ገዳይ ነው። በአንጻሩ መጠኑ የተዛባ፣ ግን አደገኛ ያልሆነ ሜኒንጂዮማ (የአንጎል ሽፋን ዕጢ) አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 ምደባም አይዲኤችን (IDH) የመሰሉ ጂኖችን ጭምር ነው የሚያየው።

የባሶዋ፦ እሱን ለውይይት ምዕራፌ እወስደዋለሁ። አሁን ግን ቀለሙ!!

ላብ 12፦ ሺፉን ቀይሪ አልኩሽ።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእኛ ቆላ ቢሆን ይሄኔ ቀልቶልሽ ነበር 😀 አንቺ ጋቢ ደርበሽ ትሠሪያለሽ፣ አሲዱን ማን ያልብሰው? ሲበርደው ሥራው ይዘገያል። ፕሮቶኮሉ «የክፍል ሙቀት» ሲል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። ቴርሞሜትር አሲዱ ውስጥ ክተቺ። ኢንኩቤተር ካለ 25 ላይ አድርጊና፣ የዕጢውን ስላይድ ሳትነኪ በፎርማሊን የቆየ ቶንሲል ላይ 40፣ 60፣ 80 ደቂቃ ሞክሪ። ይበልጥ የቀላበትን ሰዓት ያዢ። ስትለኪም እዚያው ስላይድ ላይ ያሉትን ሊምፎሳይቶች (የዲኤንኤ መጠናቸው ጤናማ የሆነ ነጭ የደም ሴሎች) መነሻ አድርጊ። ስስ ቁራጭ ኒውክሊየሱን ስለሚቆርጠው ንባቡ ዝቅ ይላል፣ ልብ በይ።

የባሶዋ፦ ቴርሞሜትር ከተትኩ። 14 ዲግሪ!! ቶንሲል ብሎክ ፍለጋ ወጣሁ።

ላብ 12፦ ሺፉንም እይው።