ቢራውን ኬግ ውስጥ ከመክተቴ በፊት፦ ሆፕሱ ይቅደም ወይስ ማጥለያው?

የኦሮራው ጠማቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮሎራዶ ነው ያለሁት። 19 ሊትር ፔል ኤል የሚባለውን ቢራ ጠምቄ ሊያልቅለት ነው፤ ኤርሎኩ (ጋዙን የሚያስወጣው ክዳን) ዝም ብሏል፣ አረፋውም ወርዷል። የቀረኝ ካስኬድና ሲትራ የሚባሉትን ሆፕስ (ቢራ ውስጥ እንደ ጌሾ የሚገባ አበባ) ደረቁን ጨምሬ፣ አጥልዬ ኬግ (የብረት በርሜል) ውስጥ መክተት ነው። እስካሁን ቤት ውስጥ ጉሹን ነበር የምንጠጣው። ይሄኛው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ለማኅበር የሚቀርብ ስለሆነ ብርጭቆ ውስጥ ኩልል ብሎ እንዲታይ እፈልጋለሁ። የጠመቃ ዕቃ የሚሸጥልኝ ሰው ጄላቲን ጨምርበት አለኝ። ከሆፕሱ በፊት ነው በኋላ? ደግሞ ማኅበሩ የሚውለው ረቡዕ ነው። ጄላቲን ለፆመኛ ይሆናል?

ዳዊት የፖርትላንዱ፦
እኔ ብሆን እንዳለ አቀርበው ነበር። እዚህ ሰው አይ.ፒ.ኤ የሚባለውን ሆፕስ የበዛበት ቢራ ጉሹን ፈልጎ ነው የሚገዛው። ለማኅበር ከሆነ ግን ይገባኛል።

የብቅል ልጅ፣ ሲያትል፦
ሆፕሱ ይቅደም ወንድሜ። ካጠለልከው በኋላ ብትጨምር መልሶ ይደፈርሳል፤ ብናኙ ብቻ ሳይሆን ከሆፕሱ የሚወጣው ፖሊፌኖል የሚባል ንጥረ ነገር ከብቅሉ ፕሮቲን ጋር እየተያያዘ ያጎሸዋል።

የኤርሎክ ዝምታ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) ለካው፤ የዛሬው ቁጥር ከነገ ወዲያም ካልተነቃነቀ ያኔ ፈልቶ አልቋል። ከዚያ 80 ግራም ገደማ ሆፕስ ጨምረህ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሦስት ቀን ተወው። እንደ ጌሾ አታቆየው። ጌሾ ከጥንስሱ ጀምሮ የሚገባው ለምሬቱም ጭምር ነው፣ ደረቅ ሆፕስ ግን ለሽታው ብቻ ነው፤ ሲከርም ሣር ሣር ይላል። ከረጢቱን ስትከፍት ሲትራ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ሽታ ሊሰጥህ ይገባል። አይብ አይብ ካለህ ያረጀ ነውና እባክህ አትጨምረው።

በሦስተኛው ቀን ቅመሰው። ቅቤ ቅቤ ካለ አታቀዝቅዘው። ሆፕስ ውስጥ ያለው ኢንዛይም እርሾው መብላት ያልቻለውን ስኳር ይሰባብርና መፍላቱን እንደገና ይቀሰቅሰዋል፤ እርሾው ጨርሶ ያንን ጣዕም እስኪያጠፋው ጥቂት ቀን ሞቅ እንዳለ ይቆይ። ከዚያ ከ0 እስከ 2 ዲግሪ አውርደው። ሲቀዘቅዝ አየር ወደ ውስጥ ስለሚስብ፣ በኤርሎኩ ቦታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ፊኛ ግጠምለት። ኦክስጅን ከገባ ወርቃማው ቢራ ይጠቁራል፣ ያ ሁሉ ሽታም ይጠፋል።

ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። አብዛኛው ከአተላው ጋር ቢወርድም ለፆመኛ አላቀርበውም። አይዚንግላስ የሚባለው ደግሞ ከዓሣ ፊኛ ነው፤ ዓሣ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ማኅበር ላይ አታስነሳ። ከሲሊካ የሚሠራ ባዮፋይን ክሊር የሚባል ፈሳሽ አለ፣ ከእንስሳ ምንም የለበትም። ቢራው በርዶ ሳለ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረህ ሁለት ቀን ጠብቅ። አንተ ግን ሦስት ሳምንት ስላለህ እሱም ላያስፈልግህ ይችላል፤ አንድ ሳምንት ብርድ ብቻውን ብዙ ያጠራል።

ስትገለብጥ በርሜሉን አታንቀሳቅሰው። የቱቦውን ጫፍ ከአተላው ሦስት ጣት ከፍ አድርገህ ያዝ፣ አረንጓዴ ብናኝ ቱቦው ውስጥ እንዳየህ አቁም። ለቀረችው አንድ ሊትር ብለህ ሌላውን አታበላሽ።

የኦሮራው ጠማቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ጄላቲኑን ትቼዋለሁ። ኬጉ ላይስ ስንት ግፊት ልስጠው?

ጠለል፣ ዴንቨር፦
መጀመሪያ ኬጉን በሳኒታይዘር (ጀርም ማጥፊያ ውሕድ) እስከ አፉ ሙላውና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ገፍተህ አስወጣው፤ ቢራው አየር ሳይነካው ይገባል። የጋዝ መጠን ሠንጠረዡ 3 ዲግሪ ላይ 12 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ) ይልሃል፣ ግን የተሠራው ለባሕር ወለል ነው። እኛ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆንን 14 ወይም 15 አድርገው፣ አንድ ሳምንት ይበቃዋል። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ድፋው፣ የተረፈው አተላ በእሱ ይወጣል። ማኅበሩ ሌላ ቤት ከሆነ ኬጉን ማክሰኞ ጠዋት አድርሰው፤ በመኪና ሲንገላታ የተነሣው እስኪረጋ ቢያንስ አንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት።