የፓምፖቻችን ካርቡራተር፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ለጊዜው እንዲህ ይላል፦ «ሸዋ ሮቢት ላይ በሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ለምናለማ አባላት አዲስ የቤንዚን ፓምፖች እንዲገዙልን ወረዳውን እንጠይቅ።» ያላችሁን ጨምሩ፣ የማይሆነውን አውጡ። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር ፓምፕ ከቆመ ምን እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

መካኒክ አባል፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልናገርና «አዲስ ፓምፕ» የሚለው ይውጣ። እኔ ጋ ቆመው ከሚመጡት ብዙዎቹ ሞተራቸው ደህና ነው። ፒስተኑም ቀለበቱም አልተነካም። የተደፈነው ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል፣ ካርቡራተሩ ነው። ዝናቡ ሲገባ ፓምፑ ቤንዚን እንዳዘለ ጎተራ ሥር ይከተታል። እስከ ጥቅምት ቤንዚኑ ይተንና ዝቃጩ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባት የጂግለሯ ቀዳዳ ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰች ናት፣ ለመደፈን ትንሽ ነገር ይበቃታል። አዲስ ቢገዛልንም አያያዛችን ካልተለወጠ ለከርሞ እዚያው ነን።

ከታችኛው ቦይ አባል፦ የኔው ፓምፕ ቾኩ (የአየር መዝጊያው) ካልተዘጋ አይሠራም። ስከፍተው ድርግም ይላል። ሰው ሁሉ ካንዴላ ቀይሪ አለኝ፣ ቀየርኩ፣ ያው ነው።

መካኒክ አባል፦ እትዬ፣ ካንዴላውን ይተዉት። ቾክ ሲዘጋ አየሩ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ያኔ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዋናው ጂግለር ነዳጅ እያሳነሰ ነው። ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚኒሞዋ (የዝቅተኛ ዙሩ) ጂግለር ናት። ጥቁር ጭስ ካለና የሞተር ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ነዳጁን የምትዘጋው መርፌ አልዘጋችም ማለት ነው። በዚያ ዘይት እንዳያስነሱት፣ ሞተሩን ይበላዋል። ዘይቱ መጀመሪያ ይቀየር።

የካርቡራተሩን አጠባ ሌላውም እንዲማርበት እዚሁ ልጻፈው። የነዳጁ መክፈቻ ይዘጋል። የታችኛው ኩባያ በ10 ቁልፍ ይፈታል፣ ውስጡ ያለው ቤንዚን ውስጡ በሚታይ ጥርት ባለ ዕቃ ይቀዳል። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል። ቀጥሎ ተንሳፋፊው ጋለጃንቴ ከነመርፌው ይወጣል። ጆሮ አጠገብ ይወዝወዝ፤ ውስጡ የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ጠጥቷል፣ ይጣላል። የመርፌዋ ጫፍ ላይ ክብ ጭረት በጣት ጥፍር ከተያዘ እሷም ትቀየር። ጂግለሯ ናስ ናት፣ ልኳ ያልሆነ ካቻቢቴ ራሷን ይልጠዋል። ከኋላዋ ያለችው ባለ ብዙ ቀዳዳ ቱቦም ወጥታ ትታጠብ፤ ብዙ ሰው እሷን ይረሳታል። ጎማዎቹ ግን ማጠቢያ ፈሳሽ ውስጥ አይነከሩም።

ወጣት አባል፦ ወንድሜ፣ ቀዳዳዋ በሽቦ ብትወጋስ?

መካኒክ አባል፦ በፍጹም! የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከሰፋ በኋላ ቤንዚን መብላቱን አይተውም። በፈሳሽ አርሰህ በኮምፕሬሰር ንፋስ ትነፋለህ። እምቢ ካለ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን በቂ ነው።

ከላይኛው ቦይ አባል፦ ደብረ ብርሃን ወስደው የሚያሠሩስ? እኛ ሰፈር አንዱ እዚያ ሲያስነሱት እያገሳ ነበር፣ እዚህ ሲደርስ ይግላል።

መካኒክ አባል፦ ጥሩ ጠየቁ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ጂግለር ቤንዚኑን ያበዛዋል። ስለዚህ አነስ ያለች ጂግለር ቢያስገቡላት አያስገርምም። ፓምፑ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ እዚህ ሲደርስ ግን ያችው ጂግለር ነዳጅ ታሳንሳለች፣ ሞተሩ ይግላል። ደጋ ያሠራ ሰው ጂግለሯ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያስተያይ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለምን ሙሉ ካርቡራተር አንገዛም? ዋጋው ያን ያህል አይደለም፣ እጥበቱም ይቀራል።

መካኒክ አባል፦ የተሰነጠቀና በውሃ የተበላ ሲኖር እንገዛለን። ግን አዲሱም በቆሸሸ ቤንዚን ይደፈናል። መጋዘን የሚያስፈልገው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ መርፌ፣ ጋለጃንቴና የነዳጅ ፊልትሮ ነው። ሁሉም ኪስ የሚገባ ዕቃ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ፣ ግን ማን ይከፍላል? ፓምፕ የሌለው ተከራይ በነፍስ ወከፍ ይክፈል ከተባለ አልስማማም።

ከታችኛው ቦይ አባል፦ ትክክል። ባለፓምፑ የመለዋወጫውን ይክፈል። ተከራዩ ደግሞ ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ገዝቶ ዝም ብሎ አይገልብጥ፣ በወንፊት አጥልሎ ይሙላ። እኔም አከራያለሁ፣ ጠጠር ሳይቀር ወጥቶልኛል።

ሰብሳቢ፦ በጣም ጥሩ። የኔን ረቂቅ አንስቼ ይህን አስቀምጫለሁ፦

«ማኅበሩ የካርቡራተር መለዋወጫ የሚቀመጥበት ሣጥን ያቋቁም፤ ወጪውን ባለፓምፖች በፓምፕ ቁጥር ይሸፍኑ። በግንቦት የመጨረሻ ሳምንት ፓምፖች ሁሉ ተሰብስበው ቤንዚናቸው ይፍሰስ፣ ኩባያቸው ይድረቅ፣ የተደፈነው ይታጠብ። በመስከረም ማብቂያ ተነስተው ይፈተሹ። ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ ሴት፣ ከመካኒኩ ጋር ይሠልጥኑ። ወረዳው የሚጠየቀው ለሥልጠናው ድጋፍ ነው።»

ከላይኛው ቦይ አባል፦ ናፍጣ ፓምፕ ያለን የለንበትም?

ሰብሳቢ፦ ናፍጣው ካርቡራተር የለውም፣ ለብቻው እናየዋለን። «የቤንዚን ፓምፖች ሁሉ» ብዬ አስተካክላለሁ።

ወጣት አባል፦ እኔ ልሠልጥን። ግን ኮምፕሬሰር ከየት ይመጣል?

ገንዘብ ያዥ፦ አስፋልቱ ዳር ያለውን ጎሚስታ እኔ አናግረዋለሁ፣ ለአንድ ቀን አይከለክለንም።

ከታችኛው ቦይ አባል፦ እንግዲያው እዚያው ግቢው ውስጥ ይሁን። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ ግን ከማጠቢያው ርቄ ነው። ቤንዚን በተከፈተበት ከሰል አይቀርብም፣ ሲጋራም እንዳታስገቡ። ይህም ረቂቁ ላይ ይጻፍልኝ።

ሰብሳቢ፦ ተጽፏል። ሌላ ያላችሁ እስከ እሑድ ጨምሩ።